ሐሰተኛው ዓሣ የትኛው ነው?

ዓሣ ሳይሆን ዓሣ እየተባለ የሚሸጥ ምግብ ሐሰት ነው፤ የሚበላውም ሰው ራሱን ያታልላል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔም ብዙ ዘመን ከነዚህ ሰዎች ጋር ስለ ነበርሁ አሳባቸውን አሳምሬ ዐውቀዋለሁ። ዛሬ ግን ልከራከራቸው ተነሥቻለሁ። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ነገሩ የሆድ ጉዳይ ብቻ መስሎህ ገጹን አትለፈው።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም፥ በእንግሊዝ አገር ሊድስ በሚባለው ከተማ የሚኖረውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። የ16 ዓመት ሴት ልጁ ሥጋም ዓሣም መብላት ከተወች ስድስት ወር አልፏት ነበር። ምክንያቷን ብጠይቃት፥ «አባባ፤ ባሕሩ እየተራቆተ እኮ ነው» አለችኝ። ይህ የልጅ ቅዠት አይደለም። ኮድ የሚባለው ዓሣ ከመጠን በላይ ስለ ተጠመደ፥ የካናዳ መንግሥት በ1992 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በኒውፋውንድላንድ አጠገብ ማጥመዱን ከለከለ፤ ከ30,000 የማያንስ ሠራተኛ እንጀራውን አጣ፤ ክልከላውም የተነሣው በ2024 ነው። እንግሊዞች ከድንች ጥብስ ጋር የሚወዱት ዓሣ ይኸው ኮድ ነው።

አንድ ማታ ሦስታችን ወደ ዓሣ ጥብስ ቤት ሄድን። በዚያ ቤት ዓሣ ለማይበሉ ሰዎች የሙዝ አበባ ያቀርባሉ። በጨው ውሃ ታሽጎ ከእስያ የሚመጣውን አበባ የባሕር ሽታ እንዲኖረው በባሕር ሣር ይጠቀልሉታል፤ ቀጭን ሊጥ ውስጥ ነክረውም ይጠብሱታል። ሲቆርሱት እንደ ዓሣ ሥጋ ቅጠል ቅጠል እያለ ይላቀቃል። ልጄ ይህን አይቶ ሣቀና፥ «ውሸት ጠብሰው ሸጡልሽ» አላት። ልጅቱ ሳህኑን ገፋችው፤ እስከ እሑድም ድረስ አባቷን አላነጋገረችውም።

እኔ ግን ደነገጥሁ። ያን ቃል ልጄ የሰማው ከእኔ ነውና።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር እናቴ በየጾሙ የሽንብራ ዓሣ ትሠራ ነበር። ሽንብራውን ቆልታ ታስፈጫለች፤ ዱቄቱን በዘይትና በውሃ ታሸዋለች፤ በዓሣ መልክ ቆርጣ በቢላዋ ጫፍ ክንፉንና ቅርፊቱን ታወጣለታለች፤ ከጠበሰችውም በኋላ በበርበሬ ቁሌት ውስጥ ትጨምረዋለች። አንድ መምህራችን ይህን ሰምተው፥ የሚጾሙትን ምግብ መልክ ሠርቶ መብላት ራስን ማታለል ነው ብለው በክፍሉ ፊት ቀለዱ። እኔም 12 ዓመቴ ነበርና ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ቃሉን ይዤ ወደ ቤት ሮጥሁ። «እማዬ፤ ይህ እኮ ውሸት ነው» አልኋት። እናቴ አልመለሰችልኝም። ከዚያ በኋላ ግን በቤታችን የሽንብራ ዓሣ ተሠርቶ አያውቅም።

እንግዲህ ልጠይቅ፤ በዚያ ምግብ የተታለለው ማን ነው? ውሸት እንዲሆን የሚታለል ሰው ያስፈልጋል። እናቴ ሽንብራ መሆኑን ታውቃለች፤ እኛም እናውቃለን፤ ስሙም ራሱ «የሽንብራ» ብሎ ይጀምራል። የሙዙም አበባ እንዲሁ በሰሌዳ ላይ በስሙ ተጽፏል። «የአባቶቻችንን ምግብ አበላሹት» የሚሉትም ቢሆኑ ታሪኩን ይመርምሩ። ዓሣ በሊጥ መጥበስን ወደ እንግሊዝ ያመጡት ከስፔንና ከፖርቱጋል የተሰደዱ አይሁድ ናቸው ይባላል፤ ድንችም የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ሁለቱን አጣምሮ መሸጥ የተጀመረው ገና በ1860ዎቹ ነው፤ የለንደኑ ጆሴፍ ማሊን ይቅደም ወይስ የሞስሊው ጆን ሊስ፥ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ስደተኛ ያመጣውን ምግብ የአገር ቅርስ ካሉት፥ ሌላ እንግዳ ሲጨመርበት ምነው አገር ፈረሰ ይላሉ?

የእኔ ክርክር ግን ከሻጮቹም ጋር ነው። የእንግሊዝ የፋብሪካ ሠራተኛ ያን ምግብ የወደደው በትንሽ ገንዘብ ስለሚያጠግበውና ጉልበት ስለሚሰጠው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥጋውና ቅቤው በራሽን ሲታደል፥ ዓሣውና ድንቹ ግን በራሽን አልገቡም። መቶ ግራም ኮድ 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ የሙዝ አበባ ግን ሁለት ግራም ገደማ ቢሆን ነው። መልኩ መጣ፤ ምግቡ ቀረ። የምታድግ ልጅ ይህን በዓሣ ፋንታ በላሁ ብላ ስትነሣ፥ የተታለለ ሰው እዚህ ላይ ተገኘ ማለት ነው። የሚያስቀው ደግሞ፥ እዚያው ሳህን ጠርዝ ላይ በሶዳ ተዘፍዝፎ የተቀቀለና የላመ አተር ይቀመጣል። ለአበባው ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ የሚገነባውን አተር ግን እንደ ማጣፈጫ ይቈጥሩታል!

ሌላም አለ። በዚያ አውራጃ ብዙ ቤቶች ድንቹን እስከ ዛሬ በበሬ ሞራ ይጠብሳሉ። ጠርጥሬ ሻጩን ብጠይቀው አበባውን በዘይት፥ ድንቹን ግን በሞራ እንደሚጠብስ ነገረኝ። የዕፀዋት ምግብ ብሎ የሸጠልን ግን ሁለቱን ባንድ ሳህን ነው። በውጭ አገር የምትጾሙ ልጆች፥ ሳትጠይቁ አትብሉ።

ቅዳሜ ዕለት ገበያ ወጥቼ የሽንብራ ዱቄት ገዛሁ። እርግጥ ነው፥ የተቀቀለ ሽንብራ በመቶ ግራም ከ8 እስከ 9 ግራም ፕሮቲን እንጂ የኮድን ያህል የለውም፤ ይሁን እንጂ ከአበባው አራት እጥፍ ይበልጣል። እሑድ ሠራሁት። ቅርጹ እንደ ዓሣ ሳይሆን እንደ ጫማ ሶል ሆነብኝ፤ ልጅቱም ቢላዋውን ተቀብላኝ ክንፍ አወጣችለት። አባቷ ሦስት በላና፥ አራተኛውን እንድታቀብለው ጠየቃት። አቀበለችው።

«አባባ፤ ማን አስተማረህ?» አለችኝ። እናቴ ናት ልላት ፈልጌ ነበር። እውነቱ ግን ማለዳ ተነሥቼ አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እኅቴ ደውዬ፥ እማዬ እንዴት ነበር የምትሠራው ብዬ ጠይቄያት ነው።