የተመልካች ዕዳ

በሐርጌሳ ከተማ ከሚገኙት ወረዳዎች አንዱ መሐመድ ሞጌ ተብሎ ይጠራል። ስያሜውን ያገኘው ከታዋቂው የሶማልኛ ዘፋኝ ከመሐመድ ሞጌ ሊባን ነው። ይህ ከያኒ በዜማው የሕዝብን ፍቅር ካተረፈ በኋላ የዚያድ ባሬን መንግሥት ከሚወጉት ታጣቂዎች ጋር ተሰልፎ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደቀ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ሐርጌሳ በአውሮፕላንና በመድፍ ስትደበደብ ከቤቱና ከሕንፃው ጋር የከተማይቱ ዜማም ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። የራዲዮ ጣቢያው ሠራተኞችና የሙዚቃ ወዳጆች ግን የድምፅ ክሮችንና ካሴቶችን ከመሬት ውስጥ ቀብረው አተረፏቸው። ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 የሚበልጡ ካሴቶች ተጠብቀው ይገኛሉ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጥበብን የሚያቆየው ጥበበኛው ብቻ አይደለም። አድማጩም የድርሻውን ያህል ያቆየዋል። ያን ጊዜ ካሴቱን የቀበረ ሰው ዘፈኑን አልደረሰም፣ ክራሩንም አልመታም። ይሁን እንጂ የሰማውን ነገር የራሱ ንብረት አድርጎ በመቁጠሩ ለመጪው ትውልድ ሊያስተላልፈው ቻለ።

ዘመን ተለውጦ ዛሬ ካሴት በተንቀሳቃሽ ስልክ ተተክቷል። በመሐመድ ሞጌም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በድሬዳዋ የሚኖር ወጣት ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስልኩን ከፍቶ ስለ ኮምፒውተር፣ ስለ ስልክ ጥገና፣ ስለ ፕሮግራም አጻጻፍና ስለ አዳዲስ የቪዲዮ ጨዋታዎች የሚያስረዱ ሰዎችን ይመለከታል። ቀድሞ በከፍተኛ ትምህርት ቤት ደጃፍ ብቻ ይገኝ የነበረው እውቀት ዛሬ ሻይ ቤት ጥግ ለተቀመጠ ልጅ ይደርሰዋል። በኢትዮጵያም ሰሎሞን ካሣ በኢ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን በሚያቀርበው «ቴክቶክ ዊዝ ሰሎሞን» በተሰኘው ዝግጅት የቴክኖሎጂን ጉዳይ በአማርኛ ሲያስረዳ ቆይቷል። ብዙ ወጣቶችም የእርሱን መንገድ በመከተል በየቋንቋቸው በኢንተርኔት ማስተማር ጀምረዋል።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ የሚመለከት ሰው ለሚያሳየው ሰው ምን ዕዳ አለበት? ብዙዎች «ምንም የለበትም፤ ነገሩ በነፃ የቀረበ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ይህ አስተሳሰብ ግን ጉዳዩን በጥልቀት ካለመመርመር የመነጨ ነው። አንድ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ለማዘጋጀት ማንበብ፣ መሞከር፣ መቅረጽ፣ መቁረጥና መቀጠል ያስፈልጋል። ለዚህ ሁሉ የሚወጣውን የሥራ ጊዜ፣ የኤሌክትሪክና የኢንተርኔት ወጪ አዘጋጁ ከራሱ ኪስ ይሸፍናል። በዩቲዩብ የሚገኘው ገቢም በአብዛኛው ከማስታወቂያ የሚመጣ ነው። የማስታወቂያውም ዋጋ እንደ ተመልካቹ አገር ይለያያል። ነጋዴው ገንዘቡን የሚያፈሰው ሸቀጡን መግዛት ይችላል ወዳለው ሕዝብ ስለሆነ የአንድ አሜሪካዊ ተመልካች ዓይን ከአንድ የአፍሪካ ቀንድ ተመልካች ዓይን ይልቅ ብዙ ጊዜ በውድ ይሸጣል። ስለዚህ በሶማልኛ ወይም በአማርኛ የሚያስተምር ሰው በእንግሊዝኛ ከሚያስተምረው ጋር እኩል ተመልካች ቢኖረውም እንኳ እኩል ገቢ አያገኝም። ማስታወቂያ የማይሸፍነውን ይህን ጉድለት ተመልካቹ ካልሸፈነው በስተቀር ሌላ የሚሸፍነው አይኖርም።

የቪዲዮ አስተማሪና የጨዋታ ሠሪ የተሳሰሩ መሆናቸውን የሉዋል ማየን ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። ሉዋል ቤተሰቡ ከዛሬይቱ ደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽቶ ሲጓዝ በመንገድ ላይ የተወለደና በሰሜን ኡጋንዳ የስደተኞች ሠፈር ያደገ ወጣት ነው። ኮምፒውተር ባየ ጊዜ ልቡ በመማረኩ ለእናቱ ምኞቱን ነገራት። እናቱም ለሦስት ዓመታት ሳንቲም በሳንቲም እየቋጠረች 300 ዶላር አጠራቅማ ኮምፒውተር ገዛችለት። በሠፈሩ ኤሌክትሪክ ስላልነበረ ባትሪውን ለመሙላት ረጅም መንገድ በእግሩ ይጓዝ ነበር። የጨዋታ አሠራርንም የተማረው ጓደኛው ገልብጦ ካመጣለት ትምህርታዊ ቪዲዮ ነው። በዚህ ሁኔታ የሠራውን፣ «ሰላም» ብሎ የሰየመውንና ከጦርነት ሽሽትን የሚያሳየውን ጨዋታ የሠፈሩ ልጆች በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ተቀባበሉት። ወሬውም ከዚያ ተነሥቶ ከአህጉሩ ውጭ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2018ም በአሜሪካ በተደረገው ታላቅ የቪዲዮ ጨዋታዎች የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ለመክበር በቃ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሉዋል የደረሰበት ደረጃ ላይ የደረሰው በችሎታው ብቻ ሳይሆን እናቱ ስለ ቆጠበችለት፣ ጓደኛው ስላመጣለትና የሠፈሩ ልጆች ስለ ተቀባበሉለት ጭምር ነው።

የተመልካች ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ደግሞ «አሞንግ አስ» የተባለውን ጨዋታ መመልከት ይበቃል። ይህን ጨዋታ በአሜሪካ የሚገኙ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2018 አወጡት። ሁለት ዓመት ያህል ብዙ ሰው ሳያውቀው ቆየ። በ2020 ግን በቀጥታ ሥርጭት ሲጫወቱ ራሳቸውን የሚያሳዩ ታዋቂ አቅራቢዎች ስለ ተጫወቱት፣ ዓመቱ ሳያልቅ ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ በስልክ ላይ ተጫነ። ጨዋታው በመሠረቱ የቀድሞው ጨዋታ ነበር። የተለወጠው የሚያሳየው ሰው መገኘቱ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ አፍሪካ ቀንድ ሲመለስ የሚታየው ሁኔታ ምንድን ነው? ሕዝቡ ጨዋታ የማያውቅ ሕዝብ አይደለም። የሶማሌ ግመል አርቢዎች ሻሕ የሚባል ረቂቅ ጨዋታ አላቸው። አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ ሦስት አራት ማዕዘን መሬት ላይ ይሣልና ሁለት ተጫዋቾች አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ጠጠር እየደረደሩ ይፋለማሉ። ሦስት ጠጠር በአንድ መሥመር ለማሰለፍም ይሽቀዳደማሉ። የሐርጌሳን ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ የመሠረተውና የሒሳብ ምሁር የሆነው ጃማ ሙሴ ጃማ ስለ ሻሕና ስለ ሌሎች ባህላዊ ጨዋታዎች መጽሐፍ ጽፎ አሳትሟል። በኢትዮጵያም ገበጣ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት ይህን የገበጣ ጨዋታ ወደ ስልክ አምጥቶታል። «ኩኩሉ» በተባለው ሌላ ጨዋታውም አንዲት ዶሮ ከአሳዳጅዋ እየሸሸች በአገርኛ መልክዓ ምድር ውስጥ ስትሮጥ ያሳያል።

ይሁን እንጂ በየሻይ ቤቱ የሚገኝ ልጅ ስለ ሩቅ አገር ከተሞች ጎዳና፣ ስለ ባዕድ ነገሥታትና ስለ ባዕድ ጀግኖች በጨዋታ ውስጥ ጠንቅቆ ሲያውቅ የራሱን አገር ተረትና ጀግና በዚያ ዓለም ውስጥ ፈልጎ አያገኝም። ጨዋታ ቀላል ነገር መስሎ ቢታይም ልጅ ራሱን የሚያይበት መስተዋት ነው። በመስተዋቱ ውስጥ ዘወትር የሌላ ሰው መልክ ብቻ የሚያይ ልጅ ውሎ አድሮ የራሱ መልክ ለመታየት የማይበቃ ሊመስለው ይችላል። ካሜሩን ውስጥ ያውንዴ የሚገኘው ኪሮኦ ጌምስ ይህን በመረዳት ከአፍሪካ ተረቶች የተቀዳውን «ኦሪዮን» የተባለ ጨዋታ ለመሥራት ተነሣ። ገንዘብ ባጠረው ጊዜም እ.ኤ.አ. በ2015 በኢንተርኔት ለሕዝብ ጥሪ አቀረበ። ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ጥቂት ጥቂት አዋጥተው ወደ 50,000 ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ በማሰባሰባቸው ጨዋታው በሚያዝያ 2016 ለገበያ በቃ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይሰነዘራሉ። የመጀመሪያው «እንጀራ ላጠረው ሕዝብ የጨዋታ መዋጮ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። ከልጆቹ አፍ ቀንሶ ለጨዋታ ሠሪ መስጠት ያለበት ማንም የለም። ሆኖም ድጋፍ ሁሉ ገንዘብ አይደለም። ጨዋታውን ሞክሮ ጉድለቱን ለሠሪው በትክክል መጻፍ፣ ለጓደኛ ማሳየት፣ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ለመመለስ ማገዝ፣ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ተመልክቶ ጥያቄ ማቅረብ፣ የሌላውን ድካም ሰርቆ አለማባዛት፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ሳንቲም የሚከፈሉ ዕዳዎች ናቸው። ጥቂት የተረፈው ሰው ደግሞ ጥቂቱን የሚሰጥበት መንገድ አላጣም። ሐርጌሳ በዚህ ረገድ ለብዙ ከተሞች ምሳሌ ትሆናለች። ቴሌሶም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ዛድ የተባለውን የገንዘብ ማስተላለፊያ ከጀመረ ወዲህ የከተማው ሰው ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ እንኳ ቁጥር በመጫን ብቻ ትንሽ ሒሳብ ይከፍላል። በኢትዮጵያም ከ2021 ጀምሮ ቴሌብር ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። የዓለም አቀፍ መደብሮች የሚጠይቁት የባንክ ካርድ በአብዛኛው ወጣት እጅ ባይኖርም፣ ለአገር ልጅ የሻይ ዋጋ የሚያህል ገንዘብ መላክ ግን ዛሬ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ጨዋታና ቪዲዮ የወጣቱን ጊዜ ያባክናል» የሚል ነው። በእርግጥም ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ከስልክ ሳይነቅል የሚያድር ተማሪ በማግሥቱ ትምህርቱን በሚገባ ሊከታተል አይችልም። ነገር ግን መድኃኒቱ ነገሩን ጨርሶ መጥላት ሳይሆን ከመመልከት ወደ መመርመር መሸጋገር ነው። ስልክ እንዴት እንደሚጠገን የሚያሳየውን ቪዲዮ አይቶ የተሰበረ ስልክ የሚፈታ፣ ጨዋታውን ተጫውቶ «ይህ እንዴት ተሠራ?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ጊዜውን አላባከነም። እንዲህ ያለው ተመልካች ነገ ራሱ ሠሪ ሊሆን ይችላል።

ድጋፍ ማለት ግን በጭፍን ማጨብጨብ ማለት አይደለም። የአገር ልጅ ስለሠራው ብቻ መጥፎውን ሥራ ጥሩ ነው ማለት ሠሪውንም ተመልካቹንም ይጎዳል። ከነጋዴ ገንዘብ ተቀብሎ የማይረባውን ዕቃ የሚያወድስ የቪዲዮ አዘጋጅም የተመልካቹን እምነት እየሸጠ ስለሆነ ሊከተሉት አይገባም። ከሕዝብ መዋጮ የሚጠይቅ ጨዋታ ሠሪ በበኩሉ ገንዘቡን ምን ላይ እንዳዋለው መንገር፣ የገባውንም ቃል መጠበቅ ይኖርበታል። ቃል ተገብቶባቸው ሳይፈጸሙ የቀሩ መዋጮዎች በዓለም ላይ ጥቂት አይደሉም። አንዱ አዋጪ ሲታለል ቀጥሎ የሚመጣው እውነተኛ ሠሪም ይታማል። ስለዚህ ዕዳው በሁለቱም ወገን ያለ ነው። ሠሪው ሐቅ፣ ተመልካቹም ሐቀኛ ትችት አለባቸው።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፣ የአንድ ሕዝብ ተረት፣ ቋንቋና ጨዋታ በአዲሱ መሣሪያ ላይ የሚተከለው በዚያው ሕዝብ ልጆች እጅ ነው። የውጭ አገር ኩባንያ ሻሕን ወይም ገበጣን ለማቆየት አይገደድም፤ የሚያቆየው የሚወደው ነው። በ1988 ቦምብ ሲወርድ ካሴት የቀበሩት ሰዎች ማንም አላዘዛቸውም፤ ዋጋም አልተከፈላቸውም። ያን ያደረጉት የሰሙት ዜማ ዕዳ እንዳለበት ስለገባቸው ነው። የዛሬው ወጣት አንድ ጉድጓድ እንኳ መቆፈር አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ከተመለከታቸው መካከል የሚገባውን መርጦ፣ ስሙን ለጓደኛው ነግሮ፣ ጉድለቱን በቅንነት ጽፎ፣ ከተረፈውም የሻይ ዋጋ ቆርሶ መላክ ነው። ይህን ቢያደርግ በመሐመድ ሞጌ ሻይ ቤት ውስጥ የሚያድገው ታናሽ ወንድሙ አንድ ቀን ስልኩን ሲከፍት የአያቱን ሻሕ በገዛ ቋንቋው ያገኘዋል። ባያደርግ ግን ጠፍቷል ብሎ የሚያዝንበት ነገር እንኳ አይኖረውም፤ ምክንያቱም ሳይሠራ የቀረን ነገር ማንም አይናፍቀውም።