አፉን ማን ይፍታለት?

«ልጁ አፉን ፈታ?» ሕፃን ያለበት ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ «ጥርስ አወጣ?»፣ «ዳዴ አለ?» ካለ በኋላ የሚያነሳው ጥያቄ ነው። አነጋገሩን ልብ በሉልኝ። ጥርስ በራሱ ጊዜ ይወጣል፣ ማንም አያወጣለትም። አፍ ግን «ይፈታል»። የተቋጠረ ነገር ደግሞ የሚፈታው ሰው ይፈልጋል። አማርኛችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀውን ነገር እኛ ከተሜዎቹ እየረሳነው መጥተናል ባይ ነኝ።

እኛ ብሎክ ውስጥ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ልጅ አለ። ከአንድ እስከ ሃያ በእንግሊዝኛ ይቆጥራል፣ ቀለማትን ይጠራል፣ የካርቱኑን ዘፈን ከነዜማው ይለዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ቁጠር» ይሉታል፤ ይቆጥራል፤ ይጨበጨብለታል። ውሃ ሲጠማው ግን የእናቱን ቀሚስ ይዞ ወደ ፍሪጁ ይጎትታል እንጂ «ውሃ» አይልም፣ «ወተር»ም አይልም። ቃላት አሉት፣ ንግግር የለውም። ንግግር ማለት እኮ መለመን ነው፣ እምቢ ማለት ነው፣ ወንድምን ማሳበቅ ነው፣ «ለምን?» እያሉ ሰው ማሰልቸት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ልጁ ያልተናገረበት ምክንያት ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ያሳሰበኝ ግን ጭብጨባው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቃል በጣም ቀደም ብሎ ነው። ሕፃን ገና በማህፀን ሳለ የእናቱን ድምፅ ይሰማል፤ ተወልዶ ቀናት ሳይሞሉት ከሌላ ሴት ድምፅ ለይቶ እንደሚመርጠውም በ1980 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ታይቷል። በሁለት በሦስት ወሩ «አጉ» ማለት ይጀምራል። ያኔ እናት ምን ታደርጋለች? «እህ? እውነትህን ነው? ማን ነካብኝ?» ትለዋለች፣ ከዚያ ቆም ትላለች። እሱም ተራውን ጠብቆ «አጉ» ይላል። ትርጉም የለውም፣ ተራ ግን አለው። የንግግር መሠረቱ ይህ ተራ መቀባበል ነው።

የድሮ ጨዋታዎቻችንን ብታዩአቸው አንዳቸውም ብቻ ለብቻ አይሆኑም። «ኩኩሉ» ሲባል «አልነጋም» የሚል ያስፈልጋል። «እንቆቅልህ» ያለ ሰው «ምን አውቅልህ» የሚለው ካጣ አፉን ይዞ መቀመጥ ነው። «ተረት ተረት» ተብሎ «የላም በረት» ካልተባለ ተረቱ አይጀመርም። ልጁ ገና ተረቱን ሳይሰማ የመናገር ተራ ተሰጠው ማለት ነው! (መልሱ ጠፍቶን «አገር ስጠኝ» ስንባል ስንት ጊዜ ጎንደርንና ሐረርን አስረክበናል።) አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሳህሉ፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለአርባ ዓመታት ያህል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ ልጆችን ሰላም ይሉ ነበር፣ ልጆቹም ከሳሎናቸው ሆነው ሰላምታውን ይመልሱ ነበር። ሳጥን ውስጥ ሆነው እንኳን ተራ ይሰጡ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ስክሪን ይህን አይሠራም ወይ? ትሉኝ ይሆናል። አንድ ምርምር ላንሳ። በ2003 እ.ኤ.አ. ፓትሪሻ ኩል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት ያሉ የዘጠኝ ወር ሕፃናትን ቻይንኛ አሰሟቸው። አንደኛው ቡድን ቻይንኛ ከሚናገር ሰው ጋር ወለል ላይ ተቀምጦ ተጫወተ። ሌላው ቡድን ያንኑ ሰው፣ ያንኑ መጽሐፍና አሻንጉሊት በቪዲዮ አየ። ከአሥራ ሁለት ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ቡድን ሕፃናት የቻይንኛውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ቪዲዮ ያዩት ግን ምንም እንዳልሰሙ ሆኑ። አንድ ድምፅ፣ አንድ ቋንቋ፣ ልዩነቱ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ብቻ! የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ፈጽሞ እንዳይሰጥ፣ ለሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ እንደሆነ መክሯል።

ለአማርኛ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል ባይ ነኝ። ቋንቋችን ሰውን ሳያይ አይነገርማ! ወንድ ልጅ ሲጠራ «ና»፣ ሴት ልጅ ስትጠራ «ነይ»፣ አያት ሲመጡ «ይምጡ» ነው። ማን እየተናገረ፣ ለማን፣ በምን አክብሮት የሚለው ሁሉ ግሱ ውስጥ ገብቷል። «አልሰበርኩትም» የምትል የሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ቃል ክህደቱንም፣ ራሷንም፣ ብርጭቆውንም ተናግራለች። ይህን ከየት አመጣችው? «ሰበርሽው እንዴ?» ብሎ የጠየቃት ሰው ስላለ ነው። ካርቱን ብርጭቆ የሰበረችውን ልጅ አይጠይቃትም።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልግባ። በከተማችን ከልጅ ጋር በእንግሊዝኛ ብቻ ማውራት የጥሩ ወላጅነት ምልክት ሆኗል። ወላጅን ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም። አንዳንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት የአራት ዓመት ልጅ በእንግሊዝኛ ይፈትናሉ፣ ወላጅም ልጁ ወደ ኋላ እንዳይቀር ይፈራል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ቢልም ገበያው ሌላ ነገር እየነገረው ነው። ግን እስቲ በታክሲ ውስጥ ጆሯችሁን ጣል አድርጉና ወላጆቹ ለልጆቻቸው የሚያወሩትን እንግሊዝኛ ስሙ። «ሲት ዳውን»፣ «ዶንት ታች»፣ «ካም ሂር»፣ «ሴይ ሃይ»። ሁሉም ትእዛዝ ነው! ያቺው እናት በአማርኛ ብትሆን «ተቀመጥ የኔ ጌታ፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ትወድቃለህ፣ ባለፈው እንደዚህ ብለህ ጉልበትህ አልተላጠም?» ትለው ነበር። በዚህ ውስጥ ምክንያት አለ፣ ትናንት አለ፣ ፍቅር አለ፣ ጥያቄም አለ። ወላጅ በማይደላው ቋንቋ ሲያወራ ለልጁ የሚሰጠው የራሱን ቋንቋ ፍርፋሪ ነው። እንግሊዝኛው የሚደላው ወላጅ ካለ ያውራ፣ ክርክሬ ከእንግሊዝኛ ጋር አይደለም። ሁለት ቋንቋ ልጅን ግራ ያጋባል፣ አፉንም ያዘገያል የሚባለው እውነት አይደለም። ድሬዳዋ ሄዳችሁ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እያቀላጠፈ ኳስ የሚጫወተውን ልጅ ጠይቁት። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችንም ልጁ ትምህርት ቤት ግራ እንዳይገባው ብለው አማርኛውን ቤት ውስጥ ባይዘጉበት ጥሩ ነው።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ልጁ በቀን ውስጥ ብዙውን ሰዓት ከማን ጋር ነው የሚውለው? እናትና አባት ሥራ ናቸው። ከቤት ሠራተኛዋ ጋር ነው። እሷ ደግሞ ምን ትባላለች? «የገጠር አማርኛሽን እንዳታስተምሪው»፣ «በኦሮምኛ እንዳታወሪው»። ልጅቷ ታዲያ ምን ታድርግ? ዝም ትላለች። ዝም ብላ ታበላዋለች፣ ዝም ብላ ታጥበዋለች፣ እንዳያስቸግራት ስልኩን ትሰጠዋለች። አያቷ ያወሩላት ተረት፣ የመንደሯ ጨዋታና ዘፈን ሁሉ በሆዷ እንዳለ ልጁ አሥር ሰዓት ሙሉ ዝምታ ሲማር ይውላል። ከዚያ ማታ «ይሄ ልጅ ለምን አይናገርም?» ይባላል። እኔ ብጠየቅ በኦሮምኛም ይሁን በሲዳምኛ፣ በጉራጊኛም ይሁን በወሎ አማርኛ እንደልቧ ታውራው። ልጁ ሁለት ቋንቋ ቢያተርፍ እንጂ አይከስርም፣ እሷም ቤቱ ውስጥ ሰው ትሆናለች።

«ድሮስ ባህላችን ልጅን መቼ ያናግር ነበር?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የምንል ሰዎች ነን። ልጅ በአዋቂ ወሬ መሀል ጥልቅ ካለ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይባልና አንገቱን ይደፋል። እንግዳ ሲመጣ «ሂድ ውጪ ተጫወት» ነው። ግን ድሮ ውጪ ሲወጣ ሰፈር ሙሉ ልጅ ነበር፤ አያትም፣ ታላቅ እህትም፣ ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶችም ነበሩ። አዋቂ ቢዘጋበት ሌላ ያናግረው ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በሩ ተዘግቶ ያደገ ልጅ «ሂድ ውጪ» ቢባል ወዴት ይሄዳል? ከድሮው ልማድ ዝምታውን ይዘን ጨዋታውን ነው የጣልነው።

ይህ የገንዘብ ጉዳይ እንዳልሆነም ማንሳት እፈልጋለሁ። በ1995 እ.ኤ.አ. ሃርትና ሪስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ካንሳስ ውስጥ 42 ቤተሰቦችን ተከታትለው የድሃ ልጆች ሦስት ዓመት እስኪሞላቸው ከሀብታም ልጆች በ30 ሚሊዮን ያነሰ ቃል ይሰማሉ ብለው ጻፉ። ቁጥሩ ዓለምን ዞረ። በኋላ ግን ቤተሰቦቹ ጥቂት ናቸው፣ አያትና ወንድም እህት ያወሩት አልተቆጠረም ተብሎ ብዙ ተተቸ። ቦስተን አካባቢ በ36 ልጆች ላይ የተሠራ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ከቃሉ ብዛት ይልቅ ልጁና አዋቂው የሚቀባበሉት ተራ በአንጎል የቋንቋ ክፍል ሥራ ላይ ጎልቶ እንደሚታይ አሳየ። ተራ ለመቀባበል ሀብት አያስፈልግም። ሽንኩርት እየከተፉ ይቻላል፣ ታክሲ እየጠበቁም ይቻላል።

እንዴት? እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ለቃለ መጠይቅ ስንሰለጥን «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ የሚያስመልስ ጥያቄ አትጠይቁ እንባላለን። ለልጅም ያው ነው። «ትምህርት ቤት ጥሩ ነበር?» ብትሉት «አዎ» ብሎ ይዘጋችኋል። «ዛሬ ማን አለቀሰ?» በሉት እስቲ! ሌላው ሲሳሳት አለማረም ነው። ልጁ ዶሮ አይቶ «ዶዮ» ካለ «ዶሮ በል! ዶ-ሮ!» እያሉ ማስጨነቅ ምን ይሠራል? «አዎ፣ ዶሮዋ! ዶሮዋ ወዴት ሮጠች?» ማለት በቂ ነው። ትክክለኛውን ሁለት ጊዜ ሰማ፣ ጥያቄም ተጠየቀ፣ አላፈረም። ከጥያቄው በኋላ ደግሞ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ጠያቂ ጋዜጠኛ ራሱ ሲመልስ እንዴት እንደሚያስጠላ እናውቃለን አይደል?

አሁን እመለስበታለሁ ወዳልኩት ልምጣ። ያልተናገረ ልጅ ሁሉ ያላናገሩት ልጅ አይደለም። እንደዚያ ብዬ እናቶችን መውቀስ ትልቅ በደል ይሆንብኛል። ምክንያቱ ጆሮ ሊሆን ይችላል፤ ጆሮው በየጊዜው የሚመግል ልጅ ቃሉ እየተቆራረጠ ነው የሚሰማው። ኦቲዝምም ሊሆን ይችላል። ሟቿ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ተጠቂ ልጃቸውን ይዘው ብዙ ከተንከራተቱ በኋላ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ለእነዚህ ልጆች ቦታ ስለጠፋ ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ልጆች የእርግማን ውጤት ተብለው ጓዳ ይደበቁ ነበር፤ ዛሬም የሚደበቁ አሉ።

ዋናው ችግር «ይጠበቅ» የሚለው ምክራችን ነው። «ወንድ ልጅ ይዘገያል»፣ «አባቱም በአራት ዓመቱ ነው የተናገረው» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። እርግጥ ዘግይተው የሚደርሱ አሉ። ነገር ግን በዓመቱ በጣቱ የማያመለክት፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በሁለት ዓመቱ «ወተት ስጠኝ» ብሎ ሁለት ቃል የማያገናኝ፣ ወይም የሚላቸውን ቃላት የተወ ልጅ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። መጀመሪያ ጆሮው ይታይ። የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች በአገራችን በጣም ጥቂት ስለሆኑ ተራው ረጅም ነው፤ ቶሎ መሰለፍ ያለብንም ለዚሁ ነው።

ጥቂት ናቸው ብለን ደግሞ አንቀመጥ። ማንኛዋም እናት ልጇን በዘጠኝ ወሩና በአሥራ አምስት ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ትወስዳለች። ነርሷ ልጁን ትመዝናለች፣ ትወጋለች፣ ካርዱ ላይ ትጽፋለች። እዚያው ላይ «ስሙን ስትጠሪው ይዞራል? በጣቱ ያሳይሻል?» ብላ ብትጠይቅ ስንት ደቂቃ ይወስድባታል? ካርዱ ላይ ለዚህ ሁለት መስመር ቢጨመር ምን ይጎድላል? የጤና ሚኒስቴር ሰዎች ይህችን ቡሌቲን አያነቧትም ይሆናል። የጤና ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን ግን ያነቧታል። የእኛ ክፍል ልጆችም በሚቀጥለው ሴሚስተር ለልምምድ ሬዲዮ ፕሮግራም ስንሠራ ከኳስና ከሙዚቃ ሌላ ይህንን እናስገባ። የቤት ሠራተኞቹ ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ ልጁም አጠገባቸው ነው።