ብርድ ቢኖርም ፀሐይዋ አለች

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ፀሐይ የምትጎዳው አዋሽና ድሬዳዋ ብቻ ይመስለናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፦ ቆዳን የሚያቃጥለው ሙቀቱ ሳይሆን ዓይን የማያየው የአልትራቫዮሌት ጨረር ነው። 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ቦሌ አየር ማረፊያ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ነፋሱ ያታልለናል እንጂ አይከልለንም።

ጥቁር ቆዳ የተሻለ መከላከያ አለው፤ እውነት ነው። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ግን ይህ የላቸውም። ለእነሱ ሰንስክሪን የቆዳ ካንሰር መከላከያ እንጂ መኳኳያ አይደለም። እናም ጎበዝ፣ በ6 ሰዓት ፀሐይ ጃንጥላ በዘረጋ ሰው አንሳቅ። ሰንስክሪንም ከሊፕስቲክ ጋር ሳይሆን ከመድኃኒት ጋር ይቆጠርልን፤ ዋጋውም እንደዚያው ይታሰብ!