ከኢር ያሚም እስከ ቤን ጉሪዮን፦ ሰዓቱን ወደ ኋላ እንቁጠር



ሰሞኑን ከአዲስ ገቢ ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶናል። «ዘመዳችን ከኢትዮጵያ ይመጣል፤ ከቤት በስንት ሰዓት እንነሣ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኛም ቀላል መስሎን ስለ ነበር በራሳችን የደረሰውን በማስቀደም እንጀምራለን።

አንድ እሑድ ጧት አክስታችንን ልንቀበል ከኢር ያሚም ተነሣን። ካየናት 14 ዓመት ሆኖን ነበር። አውሮፕላኑ የሚያርፈው በ7:00 ነው፤ መንገዱም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሻንጣዋን እስክትወስድ እንደርሳለን ብለን በ6:45 መኪናውን አስነሣን። በፖሌግ በኩል ወደ መንገድ ቁጥር 2 ስንወጣ ግን መኪናው ሁሉ ተጠጋግቶ ቆሟል። አንዳንዴ አሥር እርምጃ ያህል እንሄዳለን፣ ደግሞ እንቆማለን። ቤን ጉሪዮን ስንደርስ 9:10 ሆኗል። አክስታችንን በመቀበያው አዳራሽ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አገኘናት። ዕብራይስጥ አታውቅም፤ የሚሠራ ስልክም አልያዘችም። አቅፈን ስንስማት፣ «ልጆቼ፣ ሰው የሌለኝ መስሎኝ ነበር» አለችን። አበባም ድፎ ዳቦም ይዘን ነበር፤ ያ ቃሏ ግን እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም።

እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገናችን በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ሲገባ፣ አውቶቡሱ ሜዳው ላይ ይጠብቅ ነበር። በስንት ሰዓት እንነሣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ ግን ተቀባዮቹም ሸኚዎቹም እኛው ነን። ስለዚህ ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮችን ከዚህ በታች በየተራ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ሰዓቱንና ቀኑን በትክክል ማንበብ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 7:00 ማለት እኛ በአገራችን ከጧቱ 1 ሰዓት የምንለው ነው። 19:00 ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው የሌሊቱ በረራ ነው። በዚህ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት እንጂ ጎሕ ሲቀድ አይደለም። ቲኬቱ «ማክሰኞ 00:40» ካለ፣ አውሮፕላኑ የሚነሣው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው፤ ከቤት የምንወጣውም ሰኞ ማታ ነው። ለለቅሶ ወደ ጎንደር ሊሄድ የነበረ አንድ የምናውቀው ቤተሰብ ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ ሄዶ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን እንደ ሞላው ተነገረው። ለቅሶው ሳይደረስ ቀረ።

ሌላም አለ። በበጋው ሰዓት፣ ማለት ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ፣ የእስራኤልና የኢትዮጵያ ሰዓት እኩል ነው። በክረምቱ ግን ኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ቲኬቱ ላይ የመነሻው ሰዓት በመነሻው አገር፣ የመድረሻው ሰዓት በመድረሻው አገር አቆጣጠር ይጻፋል። ዘመድ በስልክ «በሦስት ሰዓት እገባለሁ» ቢል፣ በየትኛው አቆጣጠርና በየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። የሚሻለው ግን የቲኬቱን ፎቶግራፍ እንዲልክላችሁ ማድረግ ነው።

ሁለተኛ፣ መንገዱ የሚሞላበትን ጊዜ ማወቅ ነው። በዚህ አገር የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው። እሑድ ጧት ሠራተኛውም፣ ሰንበትን በቤቱ ያሳለፈው ወታደርም በአንድ ላይ መንገድ ይወጣል። ከኔታንያ ወደ ቴል አቪቭ የሚወስደው መንገድ በሥራ ቀን ጧት ከ6:30 እስከ 9:30 ገደማ ይጨናነቃል። ከሰዓት በኋላ ከ15:00 እስከ 19:00 ገደማ ደግሞ ተራው የመመለሻው፣ ማለት ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወታደሩ ወደ ቤቱ ስለሚመለስ ይብሳል። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላም መንገዱ ይሞላል። በፋሲካና በቲሽሪ በዓላት ዋዜማ መንገዱ ብቻ ሳይሆን የአውሮፕላን ጣቢያው አዳራሽም ይጣበባል።

ሦስተኛ፣ መንገድ መምረጥ ነው። ከኢር ያሚም የሚነሣ ሰው ሦስት መንገድ አለው። የመጀመሪያው በመንገድ 2 ወርዶ፣ በአያሎን በኩል ወደ መንገድ 1 መግባት ነው። ሲከፈት አጭር ነው፤ ሲዘጋ ግን መውጫ የለውም። ሁለተኛው በመንገድ 4 ወርዶ በጋኖት ማሳለጫ ወደ መንገድ 1 መታጠፍ ነው። ሦስተኛው በመንገድ 57 ወደ ምሥራቅ ሄዶ፣ በኒጻኔ ዖዝ ወደ መንገድ 6 መግባት ነው። ይህኛው ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ቢሆንም የቴል አቪቭን ግርግር ያስቀራል። መንገድ 6 ያስከፍላል። ገንዘብ ተቀባይ አይቆምበትም፤ ካሜራ የመኪናውን ታርጋ ያነሣና ሂሳቡ ለመኪናው ባለቤት ይላካል። በተዋሰ መኪና የሄደ ሰው ላዋሰው ሰው አስቀድሞ ይንገር፤ ሳይከፈል ቢቆይ ዕዳውም ቅያሜውም ይጨምራል።

ከመነሣታችሁ በፊት ልጆቻችሁ በስልካቸው «ዌዝ» የሚባለውን ይክፈቱላችሁ። የዛሬውን መንገድ ብቻ ሳይሆን፣ ነገ በዚህ ሰዓት ብንነሣ ስንት ደቂቃ ይፈጃል ለሚለውም ግምት ይሰጣል።

አራተኛ፣ ባቡር ነው። መኪና ለሌለው፣ ወይም ሻንጣው ለማይበዛ ሰው፣ ባቡር ከመጨናነቁ ያድናል። ለኢር ያሚም ሰው የቤት ያሆሹዓ ወይም የኔታንያ ሳፒር ጣቢያ ይቀርበዋል። ቴል አቪቭ ላይ ባቡር መለወጥ ሊያስፈልግ ይችላል። የቤን ጉሪዮን ጣቢያ እዚያው ተርሚናል 3 ውስጥ ነው። ነገር ግን ከዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሰንበት እስኪወጣ ድረስ ባቡር የለም። ሌሊትም፣ በሥራ ምክንያት መስመር በሚዘጋበት ጊዜም አገልግሎቱ ስለሚቋረጥ፣ በኮከብ 5770 ደውላችሁ አረጋግጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። መነሻችንን የምናገኘው ከቤት ወደ ፊት በመቁጠር ሳይሆን ከአውሮፕላኑ ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ለሚሄድ ሰው ከበረራው 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይገባል፤ የጥበቃው ጥያቄ፣ የሻንጣው ምዝገባና የፓስፖርቱ ሰልፍ ጊዜ ይወስዳሉ። በረራው እሑድ 10:00 ከሆነ፣ በ7:00 እዚያ መገኘት አለብን። መንገዱ ክፍት ሲሆን 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ ነገር ግን የእሑድ ጧት መንገድ ስለሆነ በ6:15 መነሣት አይበቃም። በ5:30፣ በአገራችን አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ብንወጣ ግርግሩ ሳይጀምር እናልፋለን። በረራው ማክሰኞ 00:40 ከሆነ ደግሞ ሰኞ በ21:40 ለመድረስ በ20:15 መነሣት ይበቃል፤ በዚያ ሰዓት ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ብዙ ጊዜ የተረጋጋ ነው።

እንግዳ ለሚቀበል ሰውም ስሌቱ ይኸው ነው። አውሮፕላኑ በ7:00 የሚያርፍ ከሆነ ከ5:30 በፊት ተነሥታችሁ እዚያ ቡና ጠጡ። አንድ ሰዓት ተቀምጦ መጠበቅ ጉዳት የለውም። እንግዳው አንድ ሰዓት ብቻውን ቢጠብቅ ግን እኛ ያየነውን ታያላችሁ።

ስትመለሱም አትቸኩሉ። በ8:00 ከአውሮፕላን ጣቢያው ብትወጡ ወደ ቴል አቪቭ በሚወስደው መንገድ 1 ላይ ትቆማላችሁ። ወይ በመንገድ 6 ዙሩ፣ ወይ እንግዳችሁን ቁርስ እያበላችሁ 9:30 እስኪያልፍ ቆዩ። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው ደግሞ መሪ አይያዝ፤ እንቅልፍ ከመጨናነቅ የከፋ ነው።

አክስታችን ወደ አገሯ ስትመለስ ከበረራው አራት ሰዓት ቀድመን አደረስናት። «አሁንስ አበዛችሁት» ብላ ሳቀችብን። እኛ ግን ደስ አለን።

ይህ ጽሑፍ በዕብራይስጡ ገጽም ወጥቷል፤ መኪና ለሚነዱ ልጆቻችሁ አሳዩአቸው። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።