ከሻንጣው በፊት ሚዛኑ ይመርመር

የአውሮፕላን ተሳፋሪዎችን በሁለት ጎራ የከፈለ አንድ የማያልቅ ጠብ አለ። የጠቡ መነሻ የእጅ ሻንጣ ነው። የአንደኛው ጎራ ሰው አንዲት ቀላል ቦርሳ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይገባና ከመቀመጫው ሥር ይሸጉጣታል። የሁለተኛው ጎራ ሰው ደግሞ ባለ ጎማ ሻንጣ እየጎተተ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ ካፖርት ደራርቦ ይመጣና ከራስ በላይ ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ ሁሉ እየከፈተ ይዘጋል። የመጀመሪያው ሁለተኛውን “ያልሠለጠነ” ይለዋል። ሁለተኛው በበኩሉ “ሸክም የሌለበት ምን አለበት!” ይላል።

እኛ ከተሜዎቹ ብዙውን ጊዜ የምንፈርደው ለባለ ቀላሏ ቦርሳ ነው። ይህ ፍርድ ግን ያልተመረመረ ፍርድ ነው እላለሁ።

ለመሆኑ ሰው ሻንጣውን ለምን ከእጁ አይለይም? እስቲ ወደ ኋላ መለስ እንበል፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ2008 የነዳጅ ዋጋ ሲንር አሜሪካን ኤርላይንስ ከአገር ውስጥ ተጓዦቹ ለመጀመሪያዋ የካርጎ ሻንጣ 15 ዶላር መጠየቅ ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ተሳፋሪው ምን ያድርግ? ጓዙን ሰብስቦ ይዞት ገባ፤ ማስቀመጫው ጢም አለ። ይኼኔ በ2010 ስፒሪት የተባለው አየር መንገድ እዚያው ላይ ለምትቀመጠው ሻንጣም ክፈሉ አለ። በ2018 ደግሞ ራያንኤር ተጨማሪ ላልከፈለ ሰው ከመቀመጫ ሥር ከምትገባ ትንሽ ቦርሳ በቀር አልፈቅድም አለ። ሻንጣ በነፃ በመጫን ለረጅም ዘመን ሲመሰገን የኖረው ሳውዝዌስት እንኳ በ2025 ማስከፈል ጀምሯል። ከታች አስከፍሎ ወደ ላይ ማባረር፣ ከላይ ጠብቆ ደግሞ ማስከፈል! ከዚያ በኋላ የሚቀረው ለአንዲት ጠባብ ማስቀመጫ እርስ በርስ መገላመጥ ነው። ባለ ገንዘቡ ከጠቡ ውጭ ቆሞ ይቆጥራል።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 በሰጠው ውሳኔ፣ መጠኑና ክብደቱ ልክ የሆነ የእጅ ሻንጣ የመንገደኛ ጉዞ አስፈላጊ አካል ስለሆነ ተጨማሪ ዋጋ ሊጠየቅበት አይገባም ብሏል። ስፔን በ2024 በዚሁና በመሰል ክፍያዎች ምክንያት አምስት አየር መንገዶችን በድምሩ 179 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥታለች። ኩባንያዎቹ ቅጣቱን ተቃውመዋል። ተሳፋሪው ግን እስከ ዛሬ ጎረቤቱን ይወቅሳል።

ወደ እኛ ሰው ስንመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ተሸክሟል፤ ከዚያ የሚመለሰው የአንዷን እናት መድኃኒት፣ የሌላውን ወንድም ጫማና ስልክ ይዟል። ከያዘው ውስጥ የራሱ የሆነው ስንቱ ነው? “አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ” እየተባለ ያደገ ሰው የሰው መድኃኒት ለካርጎ አስረክቦ በሰላም አይተኛም። ከቤይሩት ወይም ከጅዳ ለምትመለሰው ሠራተኛ ደግሞ ሻንጣዋ የዓመታት ልፋቷ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው “ምን ይህን ሁሉ ያሸክማታል?” ቢል አይገርምም። እያወቀ የሚለው ግን ያሳፍራል።

የክብደት ወሰን አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የአየር መንገዳችን ለኢኮኖሚ መደብ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው፤ ከዚያ ማስቀመጫ ላይ የሚወድቅ ከባድ ሻንጣ ራስ ይፈነክታልና ወሰኑ ተገቢ ነው። ግን ለሁሉም አንድ ይሁን። ባለ ከረባቱ ሳይመዘን አልፎ ባለ ነጠላዋ ብቻ ከተመዘነች፣ ያ ሕግ መሆኑ ቀርቶ ንቀት ይሆናል።

ለባለ ሻንጣውም የምለው አለኝ። እሳት ሲነሳ ሻንጣ ይቅር! በ2016 የኤሚሬትስ አውሮፕላን ዱባይ ላይ ተከስክሶ ሲቃጠል ሻንጣቸውን ለማውረድ የሚንጠራሩ ሰዎች በፊልም ታይተዋል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ቢተርፍም አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሞቷል። በ2019 ሞስኮ ላይ 41 ሰው ካለቀበት አውሮፕላን ቦርሳቸውን ይዘው የወጡ ነበሩ። በጥር 2024 ቶኪዮ ላይ በተቃጠለው የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን የነበሩት 379 ሰዎች ግን ጓዛቸውን ትተው ሁሉም በሕይወት ወጡ። አንድ ትልቅ አውሮፕላን መንገደኛ እንዲጭን የሚፈቀድለት፣ ሞልቶ ሳለ በግማሾቹ በሮች ብቻ በ90 ሴኮንድ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ሲረጋገጥ ነው። በዚያ 90 ሴኮንድ ውስጥ ሻንጣ ለማውረጃ የተመደበ ጊዜ የለም። አደራ የሰጠ ሰውም ቢሆን ከእሳት የወጣን ሰው “ዕቃዬስ?” አይለውም፤ ካለውም ቀድሞውኑ አደራው አይገባውም ነበር።

እንግዲህ አየር መንገዶች የአንዲት ሻንጣ ዋጋ በትኬቱ ውስጥ ያካትቱ፤ ሚዛኑንም በር ላይ ሰው እየመረጡ አይዘርጉት። ተሳፋሪውም የጋራውን ማስቀመጫ “የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ” እንደተባለ አይቀራመተው። ባለ ቀላሏ ቦርሳ ወዳጃችን ደግሞ ሥልጣኔን በሻንጣ ስፋት መለካቱን ይተው፤ ቢቻለው ተነስቶ የዚያችን ሴት ሻንጣ ወደ ላይ ያንሳላት።