«ካቬድ» ማለት ጉበት ነው፤ የታይሮይዱን ክኒን በወሬ አናቋርጥ



በለቅሶ ቤትም ሆነ በቡና ላይ አንድ ወሬ ደጋግመን እንሰማለን፤ ይኸውም «የታይሮይድ ክኒን ጉበት ይበላል» የሚል ነው። ይህን ሰምተው ክኒናቸውን ከሳጥን ሥር ያስቀመጡ እናቶች እንዳሉ እናውቃለን። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ መምህራንን በማሠልጠን ሥራ የቆየን ነን። ሆኖም ትምህርት ሳይገባ ሲቀር ጥፋቱ የተማሪው ብቻ እንዳልሆነ ሥራችን አስተምሮናል። ስለዚህ ወሬው ከየት እንደ መጣ፣ እውነቱስ ምን እንደ ሆነ በግልጽ መነጋገር ይገባናል እንላለን።

የታይሮይድ ዕጢ አንገታችን ላይ ከማንቁርት በታች ያለች፣ ቢራቢሮ የምትመስል ትንሽ አካል ናት። እንቅርት የምንለው ይህችው ዕጢ ስታብጥ ነው። በደጋው አገራችን እንቅርት የበዛው አፈሩና ውኃው አዮዲን ስለሚያንሰው ነበር፤ በኢትዮጵያም የገበታ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2011 ደንብ ወጥቷል። ነገር ግን እንቅርት የሌለው ሰውም ዕጢው ሊደክምበት ይችላል። የሰውነት መከላከያ ራሱ ዕጢውን ሲያጠቃ፣ ወይም እንቅርቱ በቀዶ ጥገና ሲወጣ፣ ሆርሞኑ ያንሳል። ያን ጊዜ ሰው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ጸጉሩ ይረግፋል፣ ሳይበላ ይወፍራል፣ ልቡም ያዝናል። ብዙዎቻችን ይህን «የስደት ናፍቆት ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ሐኪም የሚያዝዘው ሌቮታይሮክሲን፣ በእስራኤል ኤልትሮክሲን ወይም ዩቲሮክስ በሚባል ስም የምናገኘው ክኒን፣ ዕጢዋ ትሠራው የነበረውን ሆርሞን የሚተካ ነው። ባዕድ ነገር አይደለም። ጉበት ደግሞ የዚህ ሆርሞን ጠላት ሳይሆን የሥራ ባልደረባው ነው፤ ሰውነት የሚጠቀምበትን ብርቱውን ሆርሞን ከዚህ ከሚለውጡት አካላት አንዱ ጉበት ነውና። በልኩ የተወሰደ ሌቮታይሮክሲን ጉበትን የሚጎዳው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። እንዲያውም ሆርሞኑ ሲያንስ የደም ስብ ይጨምራል፣ የጉበት ምርመራ ውጤትም ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ጉበቴን ላድን ብሎ ክኒኑን የሚያቆም ሰው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለውን በገዛ እጁ ያመጣል።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? አንደኛው ምንጭ የሁለት መድኃኒቶች መደባለቅ ነው። ዕጢያቸው ከመጠን በላይ የሚሠራባቸው ሰዎች ሥራዋን የሚቀንስ ሌላ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። ከእነዚህ አንዱ፣ ፕሮፒልታዮዩራሲል የሚባለው፣ ጉበትን በብርቱ ሊጎዳ እንደሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2010 ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። ሜቲማዞል የሚባለውም አልፎ አልፎ ጉበት ላይ ችግር ያመጣል። ሁለቱም ወገን «የታይሮይድ መድኃኒት» ይባላሉ፤ ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። አንዱ ይጨምራል፣ አንዱ ይቀንሳል። ጎረቤት ስለ አንዱ የነገረን ለሌላው አይሆንም።

ሁለተኛው ምንጭ ቋንቋ ነው። ሐኪሙ «ብዲካት ካቬድ» ሲል የጉበት ምርመራ ማለቱ ነው። ነገር ግን በዕብራይስጥ «ካቬድ» ጉበትም ነው፣ ከባድም ነው። በአማርኛም «ከባድ» አለን። እናታችን «ከባድ ምርመራ» ብላ ትሰማና ሞት የተፈረደባት ይመስላታል። ዕጢዋም «ባሉታት ሃትሪስ» ትባላለች፤ የአሥር ዓመቷ ልጅ ደግሞ «ትሪስ» የምታውቀው የመስኮት መዝጊያውን ነው። ሕፃን ልጅ በእናቷና በሐኪሙ መካከል ቆማ እንድትተረጉም ማድረግ ለእናትም ውርደት፣ ለልጅም ሸክም ነው። የጉበት ምርመራ መታዘዙ ራሱ ጉበት ታሟል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከሌላው የደም ምርመራ ጋር አብሮ የሚታይ ነው።

ስለ ጉበት የምንጨነቅ ከሆነ የምንጨነቅበትን እንወቅ። ከኢትዮጵያ በመጣነው መካከል ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። በእስራኤል ለሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ ክትባቱ መሰጠት የጀመረው በ1992 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለድን ወይም በአገራችን ያደግን ካልተመረመርን እንመርመር። አረቄ፣ ጫት፣ ከልክ ያለፈ አካሞል፣ ምንነቱ ያልታወቀ የቅጠልና የሥር መድኃኒትም ጉበትን ይጎዳሉ። የምንጠጣውን ሁሉ ለሐኪም ሳናፍር እንንገር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ከበላን፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ እንሂድ። ዕጢን የሚቀንሰውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከያዘውም እንደዚሁ ሳይውል ሳያድር ይታይ።

ክኒኑን በአግባቡ መውሰድም ትምህርት ይፈልጋል። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀድሞ ይዋጣል። ቡናችን ይቆየው፤ ቡና ክኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋልና። የብረትና የካልሲየም ክኒን ከአራት ሰዓት በኋላ ይሁን። መጠኑ ከተለወጠ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ የደም ምርመራ ይደረጋል። ልብ ቢመታ፣ እጅ ቢንቀጠቀጥ፣ ሰውነት ቢከሳ መጠኑ በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ያስተካክለው እንጂ ራሳችን አናቁመው። በተለይ ያረገዙ እህቶቻችን ክኒኑን እንዳያቋርጡ አደራ እንላለን። በእርግዝና ጊዜ የሚያስፈልገው መጠን ብዙውን ጊዜ ይጨምራል፣ የሕፃኑ አእምሮም ከእናቱ ሆርሞን ይጠቀማል።

ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በበሽተኛው ላይ መጣል ፍትሕ አይደለም። በ2011 በእስራኤል የኤልትሮክሲን ሆርሞኑ ሳይለወጥ ሌሎቹ ማሟያዎቹ ሲቀየሩ፣ ብዙ በሽተኞች «አመመን፣ ለውጡንም በሚገባ አልነገራችሁንም» ብለው ጮኹ፤ ነገሩም እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዕብራይስጥ አንባቢው «አልተነገረኝም» ካለ፣ ፊደሉን የማታነብ እናታችን ምን ትበል? የ1996ቱ የበሽተኛ መብት ሕግ በሽተኛው ሊረዳው በሚችለው መንገድ እንዲነገረው ያዛል። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ከበሽተኛው ቋንቋና ባህል ጋር እንዲያስማሙ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ ምጽዋት አንለምንም፤ የተጻፈውን እንጠይቃለን።

ኩፓት ሆሊሞች ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ሲያዝዙ በአማርኛና በትግርኛ በቃል ያስረዱ፤ ሕፃናትን አስተርጓሚ አያድርጉ። ቤት መርካሃትም የክኒኑ ስም ወይም መልክ ሲለወጥ ይንገረን። እኛም በበኩላችን ወደ ሐኪም ስንሄድ የክኒኑን ካርቶን ይዘን እንሂድ፤ «ይህ የሚጨምር ነው ወይስ የሚቀንስ? ጉበቴ ተመርምሯል ወይ? ውጤቱስ ምን አለ?» ብለን እንጠይቅ። አስተርጓሚ ከሌለ «በስልክ አገናኙኝ» እንበል። ልጆቻችንም ይህን ጽሑፍ ለአያቶቻቸው ያንብቡላቸው።