«ቆዩ ብለውኛል» ውል ነው ወይ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። «ውላችን አልቋል፣ አከራያችን ግን ‹ምን ችግር አለው፣ ቆዩ› ብለውናል። ይሄ ውል ይባላል?» የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ በየወረዳው ተሰልፈን ያስመዘገብናቸው የ2 ዓመት ውሎች ጉዳይ ነው።

አጭሩ መልሴ፦ ቤቱ ውስጥ ለመቆየት ይረዳችሁ ይሆናል፤ «ሌላ 2 ዓመት አለኝ» ለማለት ግን አትተማመኑበት።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1719 መሠረት፣ ሕግ ካላዘዘ በቀር ውል በቃልም ይጸናል። ኪራይ ደግሞ 1723 ከዘረዘራቸው ውስጥ የለም። ለሱቅና ለቢሮ ክርክሩ ዛሬም ከዚያ ነው የሚነሳው። ለመኖሪያ ቤት ግን አዋጁ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ አለ። ያን ጊዜ 1722 ይመጣል፤ በልዩ ፎርም የተደረገ ውል የሚሻሻለው በዚያው ፎርም ነው። ፎርሙ ካልተጠበቀ 1720 ነገሩን ረቂቅ ብቻ ያደርገዋል፤ 2003 ደግሞ በምስክር አስረዳለሁ ማለትን ይዘጋል። ጎረቤቱ ሁሉ ቢሰማም ማለት ነው! «ማራዘም እኮ ማሻሻል አይደለም» የሚል ጠበቃ አይጠፋም። ይሁን፤ አዲስ ውል ነው ካልንም ያው ጽሑፍ ይፈልጋል።

ታዲያ ተከራዩ ሜዳ ላይ ቀረ? አይመስለኝም። ውሉ አልቆ ተከራዩ ሲኖር አከራዩ እያወቀ ዝም ካለ፣ ሕጉ ኪራዩ ጊዜው ላልተወሰነ ዘመን እንደታደሰ ይቆጥረዋል። በእኔ እምነት ይሄ ድንጋጌ ከአዋጁ ጋር አብሮ መነበብ አለበት። የጽሑፍ ግዴታው በዋናነት የመጣው ተከራይን ለመጠበቅ ነው። 5 ወር ኪራይ በባንክ ሲቀበል የኖረ ሰው ተነስቶ «ውል የለንም፣ በሳምንት ውጡ» ቢል ሊሰማ አይገባም። ችግሩ፣ ጊዜው ያልተወሰነ ኪራይ በማስጠንቀቂያ ይቋረጣል። «ሁለት ዓመት ትኖራላችሁ» ተብላ ልጆቿን ሰፈር ትምህርት ቤት ያስመዘገበች እናት ያን ቃል ፍርድ ቤት ማስፈጸም ይከብዳታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የቃል ማራዘሚያ ብቻውን አይመጣም፤ ዋጋ ይዞ ነው የሚመጣው። «ቆዩ፣ ግን ከመስከረም ጀምሮ 4 ሺህ ጨምሩ፤ ጭማሪውን በእጅ።» ወረቀት የማይፈለገው ለዚህ ነው፣ ግብሩም አለበት። አዋጁ ግን ጭማሪን የፈቀደው በዓመት አንድ ጊዜ በሚወሰነው መጠን ብቻ ነው። በእጅ የሰጣችሁትን ነገ የምታሳዩበት ደረሰኝ የላችሁም።

አከራዮችም አትሳቁ። «ዓመቱን እጨርሳለሁ» ያለ ተከራይ በጥቅምት ዕቃውን ጭኖ ቢሄድ እናንተም የምትይዙት ነገር የለም።

የቴሌግራም መልእክት ይጠቅማል? አታጥፉት፣ ለማስረጃ ይረዳ ይሆናል፤ ፊርማና ሁለት ምስክር ያለበትን ወረቀት ግን አይተካም። ኪራዩን በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈሉ፣ የየትኛው ወር እንደሆነ ጻፉበት። ከዚያ አንድ ገጽ ማራዘሚያ ጽፋችሁ ወደ ወረዳ ሂዱ። «እትዬ ይቀየሙኛል» የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ። «እትዬ፣ ካልተመዘገበ ቅጣቱ ለእርስዎም ነው» በሏቸው፤ እውነትም ነው።

ሱቅ የተከራያችሁ ጥያቄያችሁን ከታች ጻፉልኝ፣ እሱን ለብቻው እመጣበታለሁ።